ስለ ኮርያ የፍቅር ኮሜዲ ፊልሞችና በውስጣቸው ስለሚኖረው የጋብቻ አማላጅ

የኮርያ ፊልም በዓለም ሁሉ መታየት ከጀመረ ወዲህ ስለ እርሱ የሚጻፈው እጅግ በዝቷል። ነገር ግን አብዛኛው ጽሑፍ ስለ ደምና ስለ በቀል፣ ወይም ስለ ሀብታምና ስለ ድኻ ጠብ የሚናገሩትን ታላላቅ ፊልሞች የሚመለከት ነው። ወንድና ሴት ተገናኝተው፣ ተሰዳድበው፣ ተኳርፈው በመጨረሻ የሚታረቁበት የፍቅር ኮሜዲ ግን ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ የሚረሳው ጨዋታ ነው ተብሎ ይታለፋል። ከዚህም ጋር ብዙ ጊዜ የሚሰማ አንድ ፍርድ አለ፤ ይኸውም ይህ ዐይነት ፊልም ከሆሊውድ የተቀዳ ነው፣ የኮርያ የሆነው የተዋናዮቹ ፊትና ቋንቋ ብቻ ነው የሚል ነው። ይህ ፍርድ ግማሹ እውነት ነው። የኮርያ ፊልም ሠሪዎች የአሜሪካንን ኮሜዲ ማየታቸውንና ከእርሱም መማራቸውን የሚክድ የለም። ሆኖም ቅርጹ ከውጭ መጣ ማለት ሣቁም ከውጭ መጣ ማለት አይደለም። ሰው የሚሥቀው የሚያውቀው ደንብ ሲጣስ ነውና፣ የሣቁን ምንጭ የሚፈልግ ተመራማሪ ከሲኒማው አዳራሽ ወጥቶ ወደ ቤተ ሰቡ፣ ወደ ዘር ሐረጉ መዝገብና ወደ ጋብቻ አማላጁ ዘንድ መሄድ ይገባዋል።

በጆሰን ነገሥታት ዘመን (ከ1392 እስከ 1910 ዓ.ም.፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የኮርያ ጋብቻ፣ በተለይም ያንግባን በሚባሉት ባላባቶች ዘንድ፣ የሁለት ቤቶች ስምምነት ነበረ። አማላጁ በሁለቱ ቤቶች መካከል ይመላለሳል፤ አባቶች ይነጋገራሉ፤ ሙሽራውና ሙሽራዪቱ ግን ብዙውን ጊዜ ፊት ለፊት የሚተያዩት በሠርጉ ዕለት ነው። የቤተ ሰብ ስማቸውና የነገዳቸው መነሻ ስፍራ አንድ የሆነ ሰዎች ቢዋደዱም እንኳ መጋባት አይችሉም ነበር፤ ይህም ክልከላ ወደ ዘመናዊው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተሻግሮ ከቆየ በኋላ በ1997 ዓ.ም. በሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ ኀይሉን አጣ፤ የሕጉም ቃል በ2005 ዓ.ም. ተለወጠ። ዛሬ በሴኡል የሚኖር ወጣት ሚስቱን ራሱ ይመርጣል። ነገር ግን ሎረል ኬንዳል የተባለች የሕዝቦችን ባህል የምታጠና አሜሪካዊት ሊቅ በ1996 ዓ.ም. ስለ ኮርያ ሠርግ ካሳተመችው መጽሐፍ ማንም ሊረዳው እንደሚችል፣ አማላጁ ከመንደሩ ቢወጣም ከጋብቻው ፈጽሞ አልወጣም። ኮርያውያን ራሳቸው «ግማሹ በፍቅር፣ ግማሹ በአማላጅ» የሚሉት የመጋባት መንገድ አለ። የፍቅር ኮሜዲው የበቀለው በእነዚህ በሁለቱ ግማሾች ድንበር ላይ ነው።

የዚህ ዐይነት ፊልም አባት ሊባል የሚገባው ሊ ቢዮንግኢል በ1956 ዓ.ም. ያዘጋጀው «የሠርጉ ቀን» ነው። ታሪኩን የደረሰው ኦ ዮንግጂን ሲሆን፣ መጀመሪያ የጻፈው በ1943 ዓ.ም. አገሪቱ በጃፓን አገዛዝ ሥር ሳለች ነበር። ሜንግ ጂንሳ የተባለ የገጠር ባለጠጋ ክብርን እንደ እህል ሊሸምተው ይፈልጋል፤ ስለዚህ ካፕቡን የተባለች ሴት ልጁን ከእርሱ ቤት እጅግ ከሚበልጥ ከአንድ ሹም ቤት ልጅ ጋር ያጫታል። የአባትየውን ሹመት ዐይቷል እንጂ ልጁን አላየውም። ሠርጉ ሲቃረብ አንድ እንግዳ ከቤቱ ያድርና ሙሽራው አንካሳ መሆኑን ይናገራል። ቤቱ ይታመሳል። አባት ውሉን ያፈርስ እንደ ሆነ ኀያሉን ቤት ይፈራል፤ ያጸና እንደ ሆነ ልጁ አንካሳ አላገባም ትላለች። በመጨረሻ ኢፕቡን የምትባለውን የቤት አገልጋይ የልጁን ልብስ አልብሶ፣ ልጄ ናት ብሎ ለመስጠት ይቈርጣል። ሙሽራው በደረሰ ጊዜ ግን እግሩ ጤነኛ፣ መልኩም ያማረ ሆኖ ይገኛል። ሜንግ ጂንሳ የተሸሸገችውን ልጁን ለማስመጣት ሰው ይልካል፣ ይሯሯጣል፣ ጊዜ ለማግኘት ይቀባጥራል፤ ዳሩ ግን ዕድሜ የተጫነውና አእምሮው የደከመው ሽማግሌ አባቱ ሠርጉ አሁኑኑ ይፈጸም ብሎ ስላስቸገረ አገልጋይዋ ተሞሽራ ትሄዳለች። ሌሊት እውነቱን ለባሏ ስትናዘዝ፣ የአንካሳነቱን ወሬ ያስወራው ሙሽራው ራሱ መሆኑንና ይህንም ያደረገው ልበ ቅን ሴት ለማግኘት መሆኑን ትሰማለች።

ይህ ታሪክ በላዩ ሲታይ የተንኰለኛ ውድቀት ነው። ጠለቅ ብሎ ለሚያየው ግን የተሠራበት ዘዴ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። የባላባቱን ሥርዓት ያፈረሰው ከውጭ የመጣ ኀይል አይደለም፤ ሥርዓቱ ራሱ ነው። ሙሽራ አይታይም የሚለው ደንብ ባይኖር ወሬው ባልታመነ፣ አገልጋይዋም በእመቤቷ ስም ባልተሞሸረች ነበር። የአባትን ቃል መተላለፍ ነውር የሚሆንበት ደንብ ባይኖር ደግሞ ሜንግ ጂንሳ የደከመ ሽማግሌ አባቱን ዝም አሰኝቶ ሠርጉን ባዘገየው ነበር። ኦ ዮንግጂን ደንቡን አልሰደበም፤ እስከ መጨረሻው ድረስ ታዘዘውና በመታዘዙ ብቻ ገለበጠው። በኮርያ የገጠር ጭምብል ጨዋታ፣ ለምሳሌ በቦንግሳን፣ ማልቱጊ የሚባለው አገልጋይ ጌቶቹን ያንግባኖች በአክብሮት ቃል እያዋረደ ሕዝቡን ያሥቃል። የኦ ዮንግጂን ቀልድ የዚህ የማልቱጊ ዘመድ ነው እንጂ የሆሊውድ ልጅ አይደለም። ፊልሙ በ1957 ዓ.ም. በእስያ የፊልም በዓል ላይ የኮሜዲ ሽልማት ማግኘቱ፣ ይህም ለኮርያ ፊልም ከአገር ውጭ የተገኘ የመጀመሪያው ሽልማት መሆኑ ይታወቃል። ታላቅነቱ ግን በሽልማቱ አይመዘንም፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ቢያውቁትም ባያውቁትም ከእርሱ ግቢ ሳይወጡ መቅረታቸው ይበልጣል።

በዚህ ፊልም አገልጋይዋን ሆና የተጫወተችው ጆ ሚሪዮንግ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1959 ዓ.ም. ሃን ሂዮንግሞ ባዘጋጀው «ሴትዮዋ ሥራ አስኪያጅ» ውስጥ የመጽሔት ድርጅት ባለቤት ሆና ትታያለች። ከጦርነቱ በኋላ ያለችው ሴኡል ስልክ፣ መኪናና የአውሮፓ ቀሚስ የሞላባት ሆናለች። ዮአና የተባለችው ይህች ሴት በቢሮዋ ግድግዳ ላይ ሴት የከበረች ወንድ የተዋረደ ነው የሚል ጽሕፈት ሰቅላ ወንዶችን ታዛለች። በስልክ ቤት አጠገብ የተጣላት ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ ቢሮዋ በመጣ ጊዜም ልትበቀለው ትቀጥረዋለች። ከዚያ በኋላ የሚሆነው አያስቸግርም፤ ትወደዋለች። ነገር ግን መጨረሻው መራራ ነው። ዮአና ተጋብታ ከቤት ትውላለች፤ ባሏ በወንበሯ ይቀመጣል፤ በግድግዳውም ላይ ያለው ጽሕፈት ተገልብጦ ወንድ የከበረ ሴት የተዋረደች የሚል ይሆናል። ሃን ሂዮንግሞ ይህን በማላገጥ አደረገው ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ ክርክሩም መሠረት አለው፤ ሰሌዳው ተገልብጦ ሲሰቀል የመጀመሪያውን ያህል አስቂኝ ነውና። ሆኖም ተመልካቹ ለአንድ ሰዓት ተኩል በወንዶች ውርደት እንዲሥቅ ከተፈቀደለት በኋላ የሣቀው ሁሉ እንደ ብድር ተመልሶ ይወሰድበታል።

ማክስ ግላክማን በ1954 ዓ.ም. ባሳተመው ንግግር በደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ ስላለው የዐመፅ ሥርዓት ሲተነትን፣ በተወሰነ ቀን ሴቶች የወንዶችን ሥራ ይዘው ከብት እንደሚያግዱ፣ ንጉሡም በአደባባይ እንደሚነቀፍ፣ ይህ ግን ሥርዓቱን የሚያጸና እንጂ የሚያፈርስ እንዳልሆነ አስረድቷል። ከእርሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሐሳቡን ብዙ ቢተቹትም ለኮርያ የፍቅር ኮሜዲ ጥሩ መመዘኛ ይሆናል። ስለ እያንዳንዱ ፊልም ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሴቲቱ ለአንድ ቀን የያዘችውን በትር በመሸ ጊዜ ትመልሳለች ወይስ አትመልስም የሚለው ነው።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ያለው ዘመን ለዚህ ዐይነት ፊልም የተመቸ አልነበረም። ምርመራው ጠበቀ፤ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፤ የፍቅር ፊልምም ወደ ልቅሶው አዘነበለ። በዚያ ዘመን ላይ ረጅም ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

አዲሱ ዘመን የተከፈተው በ1992 ዓ.ም. ኪም ኡይሶክ ባዘጋጀው «የጋብቻ ታሪክ» ነው። እዚህ ላይ ከአዘጋጁ ይልቅ ስሙ ሊነሣ የሚገባው ፊልሙን ያቀደው ሺን ቹል ነው። ከእርሱ በፊት ፊልም የአዘጋጁ ሥራ ነበረ፤ ሺን ቹል ግን ከሁሉ አስቀድሞ ለማን እንደሚሠራ አሰበ። የእርሱ ወገኖች ወጣት ባለትዳሮችን እየፈለጉ ስለ ኑሯቸው፣ ስለ ጠባቸውና ስለ መኝታ ቤታቸው ጠየቁ፤ ከመልሱም ታሪኩን አወጡ። ከወጪውም አንዱን ክፍል ሳምሱንግ ቻለ። በሬዲዮ ጣቢያ የሚሠሩ ወንድና ሴት ይጋባሉ፣ ይጣላሉ፣ ይፋታሉ፣ እንደ ገና ይፈላለጋሉ፤ ሌላ ነገር የለም። የዚህ ማኅበር አንባቢ ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም፤ የሕዝብን ባህል የሚያጠና ሰው ደብተር ይዞ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ የሚሠራውን ሥራ ነጋዴው ቀድሞ ሠርቶታል። ፊልሙ በዚያ ዓመት ከወጡት የአገር ውስጥ ፊልሞች ሁሉ በተመልካች ብዛት መብለጡ ባለትዳሮቹ እውነቱን እንደ ተናገሩ ያስረዳል።

የዚህ ዘመን ሌላው ፍሬ ሊ ጆንግሂያንግ የተባለች ሴት አዘጋጅ ራሷ ጽፋ በ1998 ዓ.ም. የሠራችው «ከአራዊት ቤቱ አጠገብ ያለው ቤተ ሥዕል» ነው። አንድ ወታደር ፈቃድ ተሰጥቶት ወደ ፍቅረኛው ቤት ሲመጣ እርሷ ለቃ ሌላ ሴት ገብታ ያገኛል። ቹንሂ የተባለችው ይህች ሴት የሰው ሠርግ በካሜራ እያነሣች የምትኖር፣ የራሷ ግን የሌላት ናት። ሁለቱ በአንድ ቤት ሆነው ለውድድር የሚቀርብ የፊልም ድርሰት ይጽፋሉ፤ በሚጽፉት ሰዎች ስምም ለየራሳቸው ሊሉ ያፈሩትን ይነጋገራሉ። በዚህ ፊልም ውስጥ አማላጅ የሆነው ወረቀቱ ነው። ሊ ጆንግሂያንግ ቀልዱን ከጩኸት አላወጣችም፤ ሴቲቱ ፀጕሯን ሳታበጥር ወንዱ ጫማውን ሳያወልቅ ከሚያደርጉት ክርክር አወጣችው እንጂ። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ በጸጥታ የሚያሥቅ ፊልም ይህ ብቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ግን የኮርያ የፍቅር ኮሜዲ ስም በእስያ ሁሉ የተጠራው በሌላ ፊልም ነው። ኪም ሆሲክ የተባለ ወጣት በ1999 ዓ.ም. በኮምፒዩተር መገናኛ መረብ ላይ ስለ ፍቅረኛው በተከታታይ ይጽፍ ነበር። ጽሑፉ መጽሐፍ ሆነ፤ የሺን ቹል ድርጅትም ኳክ ጄዮንግን አዘጋጅ አድርጎ ወደ ፊልም ለወጠው። በውጭ አገር «አስቸጋሪዋ ልጅ» በሚል መንፈስ ተተርጕሞ የታወቀው ይህ ፊልም በአገሩ ብቻ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመልካች አገኘ። ቻ ቴሂዮን ክዮኑ የተባለውን ተማሪ፣ ጆን ጂህዮንም ስሟ እስከ መጨረሻው የማይነገረውን ልጅ ሆነው ተጫወቱ።

የመጀመሪያው ግንኙነታቸው የሚሆነው በምድር ውስጥ ባቡር ነው፤ ይህም ትርኢት ስለ ኮርያ ማኅበራዊ ሥርዓት ከተጻፈው ከብዙ ድርሳን ይበልጣል። ልጅቱ እጅግ ሰክራለች። በመጀመሪያ የምታደርገው ለሽማግሌ መቀመጫ ያልለቀቀውን ወጣት መገሠጽና መማታት ነው። እንግዲህ ሰክራም እንኳ የሽማግሌን ክብር ጠባቂ ናት። ቀጥላ ግን በዚያው ባቡር በተቀመጠው በአንድ ሽማግሌ ራስ ላይ ታስታውካለች። ከዚያም ራሷን ከመሳቷ በፊት የማታውቀውን ክዮኑን ባለትዳሮችና ፍቅረኞች በሚጠራሩበት ቃል ትጠራዋለች። በዚህች በአንዲት ቃል ምክንያት የባቡሩ ሰው ሁሉ የእርሱ ናት ብሎ ይፈርዳል፤ ሽማግሌውም ይቈጣዋል፤ እርሱም ያስታወከችውን ይጠርግና ልጅቱን በጀርባው አዝሎ ይወርዳል። ያጋባቸው ፍቅር አይደለም፤ አማላጅም አይደለም፤ የመጠሪያ ቃልና የሕዝብ ዐይን ነው። ሽማግሌን ማክበር፣ ሽማግሌን ማዋረድና በመጠሪያ ስም መታሰር በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተከታትለው ይመጣሉ።

ከዚያ በኋላ ልጅቱ ታዛለች፣ እርሱ ይታዘዛል። መሞት አማረህ ትለዋለች፤ በረጅም ተረከዝ የሚያማትን ጫማዋን ከእርሱ ጫማ ጋር ታስለውጠዋለች፤ የሚጠጣውን ትመርጥለታለች። ከምግብ ቤት ውስጥ ልጆች ይዘው የተቀመጡትን ጐልማሶች ሳይቀር ተነሥታ ትገሥጻለች። ተመልካቹ በዚህ የሚሥቀው ሴት ወንድን ስለ መታች ብቻ አይደለም። የኮርያ ግሥ ተናጋሪው ከሰሚው በላይ ወይም በታች መሆኑን በመድረሻው ሳያሳይ አይነገርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ትእዛዟ በቋንቋው ሥርዓት ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው። ይህ ፊልም በ2008 ዓ.ም. በአሜሪካ በእንግሊዝኛ እንደ ገና ተሠርቶ በአገሩ ሲኒማ ቤት ሳይገባ በዲቪዲ ብቻ መውጣቱ አያስገርምም። ታላቁንም ታናሹንም በአንድ ቃል በሚጠራ ቋንቋ ውስጥ ልጅቱ የምትተላለፈው ድንበር የለም፤ ድንበሩ ሲጠፋ የሚቀረው አንዲት ባለጌ ሰካራም ብቻ ናት።

ነገር ግን የፊልሙ ሁለተኛ ግማሽ በጥብቅ መመርመር አለበት። ልጅቱ እንዲህ የሆነችው የምትወደው ወጣት ስለ ሞተባት መሆኑ ይገለጣል። ኳክ ጄዮንግ ይህን ሲያደርግ ትልቅ ስሕተት ሠርቷል። ነጻነቷ ነጻነት መሆኑ ቀርቶ ሕመም ሆነ፤ ሕመምም ይድናል። በእርግጥም ትድናለች፤ ትለሰልሳለች፤ በኮረብታው ላይ ካለው ዛፍ ሥር ደብዳቤ ቀብረው ለሁለት ዓመት ይለያያሉ። እንደ ገና የሚገናኙት ግን በዛፉ ሥር አይደለም። ከፊልሙ መጀመሪያ አንሥቶ የክዮኑ እናት አክስትህን ሄደህ ጠይቅ፣ የምታስተዋውቅህ ልጅ አለች እያለች ትነዘንዘው ነበር፤ እርሱ አልሄደም። የሞተው ወጣት የዚህች አክስት ልጅ ነበረ፤ ልታስተዋውቀው የፈለገችውም ልጅ ያችው ናት። ሁለቱ በአክስቲቱ ፊት እጅ ለእጅ ይያያዛሉ።

ይህን መጨረሻ የዕድል ተአምር ነው ብለው የሚያደንቁ ብዙ ናቸው። ዳሩ ግን ተአምሩን ገልጦ ለሚያየው ከሥሩ የሚገኘው አሮጌው የጋብቻ አማላጅ ነው። ክዮኑ ያን ሁሉ ጥፊና መከራ የተቀበለው እናቱን ቀድሞ ቢሰማት ኖሮ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያገኘውን ለማግኘት ነው። ፊልሙ ለወጣቶቹ በፍቅር ተገናኛችሁ ይላቸዋል፤ ለወላጆቹ ደግሞ በዘመድ ተገናኙ ይላቸዋል። ሁለቱንም ወገን ማስደሰቱ ለገበያው ታላቅ ጥበብ ነው፤ ለታሪኩ ግን ከ«ሴትዮዋ ሥራ አስኪያጅ» ሰሌዳ የተለየ አይደለም። (በ2016 ዓ.ም. በወጣው ተከታይ ፊልም ልጅቱ መነኵሲት ሆና ከታሪኩ ትወጣለች፤ ከዚህ የከፋ ቅጣት ለኮሜዲ ሴት ማሰብ ያስቸግራል።)

የቋንቋው ነገር ይበልጥ ጐልቶ የሚታየው ኪም ክዮንግሂዮንግ በ2003 ዓ.ም. ባዘጋጀው «እኩያዬን ማስጠናት» ላይ ነው። ድኻዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱዋን ሀብታሙን ጂሁንን ታስጠናለች፤ እርሱ ግን ክፍል እየደገመ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይወጣ የቀረ የዕድሜዋ እኩያ ነው። አስተማሪ ናትና ሊያከብራት ይገባል፤ እኩያ ናትና በእኩያ ቃል ሊናገራት ይችላል፤ ደመወዟን የሚከፍለው ቤተ ሰቡ ነውና ሊያዛት ይዳዳዋል። ሦስቱ ሥልጣኖች በአንድ ግሥ መድረሻ ላይ ይጣላሉ። «አንተ»ና «አንቱ» ለሚለየው የአማርኛ አንባቢ ይህ ባዕድ አይደለም፤ ነገር ግን ልዩነት አለ። በአማርኛ ጥቂት ዓመት የሚበላለጡ ባልንጀሮች «አንተ» ቢባባሉ ነውር የለውም፤ በኮርያ ግን የአንድ ዓመት ብልጫ እንኳ መጠሪያውን ይለውጣል። ኮርያዊት ሴት ታላቅ ወንድሟን የምትጠራበት «ኦፓ» የሚለው ቃልም በዕድሜ የሚበልጣትን ፍቅረኛ መጥሪያ ነው። በአማርኛ «ጋሼ» ብሎ የሚተረጕመው ሰው ቃሉን ያገኛል፣ ነገሩን ግን ያጣል፤ ልጅ ፍቅረኛዋን «ጋሼ» ብትለው ታርቀዋለች፣ ኮርያዊት «ኦፓ» ስትል ግን ታቀርበዋለች። እንግዲህ የቤተ ሰብ መጠሪያ የፍቅር መጠሪያ ከሆነ፣ ፍቅር ገና ሲጀመር በቤተ ሰብ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል ማለት ነው።

በትሯን ሳትመልስ የወጣች ሴት የምትገኘው በዚያው ዓመት ኰን ቺሊን ባዘጋጀው «ላጤዎች» ላይ ነው። ታሪኩ ከጃፓናዊው ከካማታ ቶሺዮ ልብ ወለድ የተወሰደ ነው። የ29 ዓመቷ ናናን በልብስ ድርጅት ካላት ሥራ ዝቅ ተደርጋ ምግብ ቤት እንድታስተዳድር ትላካለች። ባለ ገንዘብና ትሑት የሆነ ሰው ይወዳታል፤ አብራው ወደ አሜሪካ እንድትሄድም ይለምናታል። ሰውዬው ምንም እንከን የለበትም፤ የፊልሙም ድፍረት ይህ ነው። ክፉ ባል እምቢ ማለት ቀላል ነው፤ ናናን እምቢ የምትለው ደግ ባል ነው፤ ምክንያቷም ሥራዋ ነው። ባልንጀራዋ ዶንግሚ ደግሞ ከወዳጇ ፀንሳ፣ ለእርሱ ሳትናገር ልጁን ልታሳድግ ትወስናለች፤ ናናንም አብራት ልታሳድግ ትስማማለች። ይህ በታየበት ጊዜ የቤት አለቃ ወንድ መሆኑን የሚደነግገው የሆጁ ሕግ ገና የጸና ነበረ፤ በ2005 ዓ.ም. የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ተቃወመው፤ ከ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶም ቀረ። ፊልሙ ሕጉን በስም አያነሣም፤ ሁለት ሴቶችንና አንድ ያልተወለደ ልጅን በአንድ ቤት አስቀምጦ ያበቃል። ምስሉ ከ«አስቸጋሪዋ ልጅ» ያነሰ ቢሆንም፣ ሣቁን ያለ ወለድና ያለ ተመላሽ የሰጠ ፊልም ነው።

ከዚያ በኋላ አማላጁ ራሱ በግልጥ ወደ መድረክ ወጣ። ኪም ሂዮንሶክ በ2010 ዓ.ም. በሠራው «ሲራኖ» ፊልም ውስጥ ገንዘብ የቸገራቸው የቲያትር ሰዎች በክፍያ የሌላውን ሰው ፍቅር ያቀናብራሉ፤ ዝናሙን፣ መብራቱንና ቃሉን አዘጋጅተው ዐይን አፋሩን ከሚወዳት ጋር ያገናኙታል። የድርጅቱ አለቃ ለአንድ ደንበኛ ሊያገናኛት የተቀጠረባት ሴት የራሱ የቀድሞ ፍቅረኛ ሆና ትገኛለች። በዚህ ፊልም ፍቅር ራሱ የሚዘጋጅ ትርኢት መሆኑን ሠሪዎቹ ሳያፍሩ ተናዘዋል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ ፊልሞች በሲኒማ ቤት እየተመናመኑ ሄዱ። በ1998 ዓ.ም. በሴኡል የመጀመሪያው ብዙ አዳራሽ ያለው ሲኒማ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ገንዘቡ ታላቅ ተመልካች ወደሚስቡ ታላላቅ ሥራዎች አደላ። ከዚህም ሌላ በፊልም ሥራ የበላይነት የአዘጋጁ ሲሆን፣ በቴሌቪዥን ግን የደራሲው ነው፤ ከቴሌቪዥን ደራሲዎችም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ቀልዱን የሚያውቁት እጆች ስማቸው ወደሚከበርበት ሄዱ። ሆንግ ጆንግኡንና ሆንግ ሚራን የተባሉት እኅትማማች በ2005 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ተከታታይ ድርሰታቸውን ሲጽፉ የተነሡት፣ ዝቅ ካለች ሴት ስለ ተወለደችው ስለ ቹንሂያንግና ስለ ሹሙ ልጅ ከሚናገረው ከአሮጌው የአገራቸው ተረት ነው። በ2022 ዓ.ም. የታየው ባለ 12 ክፍሉ «የሥራ ሐሳብ» ደግሞ አንዲትን የድርጅት ሠራተኛ በሀብታም ጓደኛዋ ስም ለጋብቻ መተያያ ወደ ተቀጠረ ቦታ ይልካታል። የሚጠብቃት ሰው የራሷ ድርጅት አለቃ ነው፤ ያስቸኰለውም ሽማግሌ አያቱ ነው። ሜንግ ጂንሳ ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው! አገልጋይዋ ኢፕቡን የቢሮ ልብስ ለብሳ፣ የደከመው ሽማግሌም የኩባንያ ሊቀ መንበር ሆኖ፣ ከ66 ዓመት በኋላ ያንኑ ሠርግ ይደግሱታል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ የ1956ቷ ልጅ የሄደችው ታዝዛ ነው፣ የ2022ቷ ግን ጓደኛዋ ስለ ለመነቻትና ስለ ከፈለቻት ነው።

በኮርያ አንዲት ሴት በዕድሜዋ ትወልዳለች ተብሎ የሚገመተው የልጅ ቍጥር በ2023 ዓ.ም. ወደ 0.72 ወርዷል። ጋብቻ እንዲህ በራቀበት አገር የጋብቻ ኮሜዲ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ በዚያው ዓመት ናም ዴጁንግ ያዘጋጀውንና ከ2 ሚሊዮን በላይ ሰው ያየውን «30 ቀን» የሚለውን ፊልም ይመልከት። በ2008 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው ደንብ መሠረት፣ ተስማምተው የሚፋቱ ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ለአንድ ወር ያህል እንዲያስቡበት በፍርድ ቤት ይታዘዛሉ። ፊልሙ እርስ በርሳቸው መተያየት የጠሉ ባልና ሚስትን በዚህ ወር ውስጥ በመኪና አደጋ መትቶ ሁለቱንም ማን እንደ ሆኑ ያስረሳቸዋል። ከሁለቱም ወገን ያሉት ቤተ ሰቦች ይሰበሰባሉ፤ አንዱ ያለፈውን ይነግራቸዋል፣ ሌላው ይደብቃቸዋል፤ እነርሱም በአንድ ጣራ ሥር ተቀምጠው እንደ እንግዳ ይተያያሉ። በጆሰን ዘመን የማይተዋወቁ ሙሽሮችን በአንድ ቤት ያገናኝ የነበረው አማላጁ ነው። በዚህ ፊልም ያን ሥራ የሚሠሩት የፍርድ ቤቱ ቀጠሮና የመኪናው አደጋ ናቸው።